ዘጠና ሁለት ላይ የቆመው ቴርሞሜትር

ወንድሜ ዕቃ ሊያመጣ ጓንግዡ በተመላለሰ ቁጥር ለእማዬ የሚሆን ነገር ሻንጣው ውስጥ አይጠፋም፤ ሻርፕ፣ የቤት ጫማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በየሰዓቱ እንደ ወፍ የሚጮህ የግድግዳ ሰዓት። ባለፈው ዓመት ግን ሦስት ጣሳ ሻይ ቅጠል ይዞ መጣ። ፋንግትሱን የሚባል ሙሉ ሰፈር የሻይ ገበያ ነው አሉ። አንዱ ሱቅ ገብቶ ቁጭ ቢል ከቡና ሲኒ በምታንስ ኩባያ ቀዱለት፣ ደገሙለት፣ ሰለሱለት፤ ሲያስቀምሱት ዋሉ። “በመጨረሻ ሳልገዛ መውጣት አሳፈረኝ” አለን።

እማዬ የመጀመሪያውን ጣሳ ከፍታ አሸተተች። ቅጠሉ ጠፍጠፍ ብሎ የደረቀ፣ አረንጓዴነቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። “የተቆላ ሽንብራ ይሸታል” አለችና ደስ አላት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ማንቆርቆሪያውን ጣደች፤ አንድ እፍኝ ቅጠል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ ጨመረች፤ ተንተከተከ። አንዴ ፉት አለችና ብርጭቆውን ረከቦቱ ላይ መለሰችው።

“ልጄ፣ ይሄ ሻይ አይደለም፤ ግራዋ ነው። የጠላ ጋን እጠቢበት ብሎ ነው ያመጣልኝ?”

ጣሳዎቹ በዚሁ ለእኔ ተረፉ። ወንድሜ ደውሎ ምን ምን እንደሆኑ ነገረኝ። እማዬ ያፈላችው ሎንግጂንግ ነው፤ ሃንግዡ አካባቢ የሚለቀም አረንጓዴ ሻይ። ሁለተኛው ከፉጂያን የመጣ ቲዬጓንዪን፤ እንደ ሽንብራ ድቡልቡል ብሎ የተጠቀለለ። ሦስተኛው ቺመን ነው፤ እኛ ጥቁር ሻይ የምንለው፣ ቻይናዎቹ ግን በቅጠሉ ሳይሆን በውሃው ቀለም እየጠሩ ቀይ ሻይ የሚሉት ዓይነት። ለማወዳደሪያ አራተኛ ጨመርኩ፤ ከሰፈራችን ሱቅ የገዛሁት፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ ደቀቅ ያለ የአገራችን ሻይ። ዉሽዉሽን ይሁን ጉማሮን ፓኬቱ አይናገርም፤ ቅጠላችን በብዛት የሚመጣው ግን ከካፋና ከኢሉባቦር፣ ከእነዚህ እርሻዎች ነው።

ሻይ ማወዳደር ቀላል ይመስላል። ሁሉንም ታፈላለህ፣ ትቀምሳለህ፣ የጣመህን ትመርጣለህ። ችግሩ አንዱን ብታበዛ፣ ሌላውን ብታሳንስ፣ አንዱን ደቂቃ ብታስቀድም የምታወዳድረው ሻይ ሳይሆን የራስህን ዝንጉነት ነው። ሥራቸው መቅመስ የሆነ ሰዎች ለዚህ መላ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ፣ ቁጥሩ 3103 የሆነ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 2 ግራም ቅጠል፣ የፈላ ውሃ፣ 6 ደቂቃ። ዓላማው ሻይ ማጣፈጥ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ነው። እንግሊዞች ሻይ እንዴት እንደሚፈላ ስድስት ገጽ ጽፈው በ1999 ኢግ ኖቤል የሚባለውን የቀልድ ሽልማት ወስደውበታል። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጎረቤታችን ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሚዛኑን ለአንድ እሁድ አዋሰኝ።

አራት ብርጭቆ ደረደርኩ፤ በእያንዳንዱ 3 ግራም ቅጠል፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ። ስድስት ደቂቃ ሲሞላ አጥልዬ በቡና ሲኒ ቀዳሁት። የሲኒ ውስጡ ነጭ ስለሆነ ቀለም አይሰርቅም። ሎንግጂንጉ እንደ ፈዘዘ ጠጅ ቢጫ ሆነ። ቲዬጓንዪኑ ወርቅማ ነው፤ ሽታው አበባ ነው፤ የቱ አበባ እንደሆነ ግን እስካሁን መለየት አልቻልኩም። ቺመኑ እንደ ዘቢብ ያለ ነገር ይሸታል። የአገራችን ሻይ ውሃ እንደነካው ቀለሙን ለቀቀ፤ ገና ሌሎቹ ሳይነቁ እሱ ደም መስሏል። እንዲህ እንዲፈጥን ነው የተሠራው። ቅጠሉን በጥርሳም ሲሊንደሮች መካከል አድቅቆ የሚጠቀልል ማሽን በ1930ዎቹ ህንድ አሳም ውስጥ ተሠርቷል፤ ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው ሻይ አብዛኛው በዚያ መንገድ ያለፈ ነው።

ሁለት ነገር አልጣመኝም። አረንጓዴው አሁንም መረረ። ሁለቱ ጥቁሮች ደግሞ ቀለም እንጂ አቅም የላቸውም፤ ውሃ ውሃ ይላሉ። ወንድሜ ቺመኑን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። “እዚያ የቀመስኩት ይሄ አይደለም። ከበድ ያለ ነበር፤ ጉሮሮ ላይ የሚቆይ። አንዱን አስቀምሰው ሌላውን ሞልተውልኛል ማለት ነው!” ሸወዱኝ ብሎ የዚያን ሱቅ ዘር ማንዘር ሲያነሳ አመሸ።

በዚህ መሐል እማዬ ከብርጭቆዎቹ የወጣውን እርጥብ ቅጠል ሰፌድ ላይ ዘርግታ ታየዋለች። ከቲዬጓንዪኑ አንዷን ድቡልቡል አንስታ በጣቷ ፈታቻት። ያቺ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር ከነአንገቷ ሙሉ ቅጠል ሆና ተዘረጋች፤ መሐሏ አረንጓዴ፣ ጠርዟ ቀላ ያለ፣ ዙሪያዋን እንደ መጋዝ ጥርስ ያላት። ከሎንግጂንጉ አንድ አነሳች፤ ያው ጥርስ። ከቺመኑ ቁራጭ ፈልጋ አገኘች፤ ተቆራርጧል እንጂ ጠርዙ ያው ነው።

“የአንድ እናት ልጆች ናቸው” አለች። “ሦስት ዓይነት ነው ያለህ ማነው?”

እማዬ ሰፌድ ላይ ያየችውን ለማየት አውሮፓ ሰማንያ ዓመት ፈጅቶባታል። ለዕፅዋት ስም በማውጣት የሚታወቀው ስዊድናዊው ሊኒየስ በ1762 ባሳተመው መጽሐፉ ሻይን ለሁለት ከፍሎት ነበር፤ ጥቁር ሻይ የሚሰጠው ባለ ስድስት መልካበባ፣ አረንጓዴ የሚሰጠው ባለ ዘጠኝ። ነጋዴው ለንደን ላይ ሁለቱን ለየብቻ ሲሸጥ ኖረ እንጂ ማሳው ድረስ ሄዶ ያየ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሮበርት ፎርቹን የሚባል ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ የለንደን የአትክልት ማኅበር ልኮት በ1843 ቻይና ገባ። አረንጓዴ ሻይ የሚመረትበትን አካባቢ አየ፤ ጥቁሩ የሚመጣበት የፉጂያን ተራራ ሲደርስ ሌላ ተክል ይጠብቀኛል ብሎ ነበር። ያገኘው ያንኑ ቁጥቋጦ ነው። ልዩነቱ ከተለቀመ በኋላ ሰው የሚያደርገው ነው።

ፎርቹን በ1848 የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ልኮት ተመለሰ፤ አሁን ፀጉሩን አስላጭቶ፣ ከኋላ የቻይናዎቹን ሹሩባ አስቀጥሎ፣ እንደነሱ ለብሶ። ችግኝና ዘር ሰብስቦ ወደ ህንድ የሂማላያ ተራሮች አሻገረ። ለዚህ ሥራው “ሌባ” የሚለው አለ፤ እኔም ከነሱ ወገን ነኝ። ግን አንድ ያየውን ነገር አልረሳለትም። ለውጭ አገር የሚላክ አረንጓዴ ሻይ የሚዘጋጅበት ቤት ሲገባ የሠራተኞቹ እጅ ሰማያዊ ሆኗል። ቅጠሉን ሰማያዊ ቀለምና ጄሶ እያሹበት ነው። ለምን ቢል፣ ፈረንጆቹ እንዲህ አረንጓዴ ሲሆን ነው የሚወዱት አሉት፤ እነሱ ራሳቸው አይጠጡትም። ናሙናውን ወስዶ በ1851 ለንደን በተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ እንዲታይ አደረገ።

ታዲያ አንድ ቅጠል እንዴት ሦስት ይሆናል? የተላጠ ድንች ውጭ ሲቆይ የሚጠቁረው ያው ነገር ነው። ቅጠሉ ሲጨማደድ ውስጡ ያለው ጭማቂ ከአየር ጋር ይገናኛል፤ ይጠቁራል፤ ጣዕሙም ይለወጣል። ተለቅሞ ብዙ ሳይቆይ ጋለ ያለ ብረት ምጣድ ላይ ካመሱት መጥቆሩ ይቆማል፤ ሎንግጂንግ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ከተዉት ቺመን። መንገድ ላይ ካስቆሙት ቲዬጓንዪን፤ የጠርዟ መቅላት ምክንያቱም ይኸው ነው። የተጎዳው ጠርዟ ነውና።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አረንጓዴው ለምን እንደሚመር ገባኝ። ያልጠቆረ ቅጠል ለፈላ ውሃ አይሆንም፤ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ ዲግሪ ይበቃዋል። እንግዲህ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ አስቸገርኳትና አንድ አመጣችልኝ። ማንቆርቆሪያው ተጣደ፤ ቴርሞሜትሩን በክር አንጠልጥዬ ውሃው ውስጥ አስገባሁት። ቀይዋ መስመር ስልሳን አለፈች፤ ሰማንያን አለፈች። ውሃው መዝፈን ጀመረ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ ከዚያ ተንፈቀፈቀ። መስመሯ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመች።

እሳት ጨመርኩ። ክዳኑ ተንገጫገጨ፤ እንፋሎቱ መስኮቱን አለበሰው። ዘጠና ሁለት።

ደወልኩላት። “እቴ፣ ያመጣሽልኝ ቴርሞሜትር ተበላሽቷል። ውሃው እየፈላ መቶ አልደርስ አለ።”

ሳቋን ስትጨርስ፣ “አጎቴ፣ የት ነው ያለኸው?” አለችኝ።

“ቤት ነኛ!”

“ቤትህ የት ነው? አዲስ አበባ! ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር። ከላያችን ያለው አየር ክዳን በለው፤ እዚህ ክዳኑ ቀሎብናል። ውሃው ብዙ ሳይግል ይገነፍላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀንስ።”

2,400ን ለ300 አካፈልኩ። ስምንት። ስምንት ከመቶ ሲቀነስ ቴርሞሜትሩ የሚለው ነው።

መቶ ዲግሪ ይፈላል ብለን በቃላችን ያጠናነው ውሃ ማጀታችን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መቶ ገብቶ አያውቅም። ባቄላ እንቢ አልበስል ሲል የምንሰድበው ባቄላውን ነው። ዳርዊን በ1835 የአንዲስን ተራራ ሲሻገር ያው ነገር ገጥሞታል፤ ድንች ሌሊቱን ሙሉ ድስት ውስጥ አድሮ፣ ጠዋትም ፈልቶ፣ እንደ ድንጋይ ደረቀ። አብረውት የነበሩት ሰዎች ተማክረው ድስቷ አዲስ ናትና ድንች መቀቀል አልፈለገችም የሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። ነገሩን በትክክል የተጠቀሙበት ቀያሾች ናቸው። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ አገራችንን በእግሩ ያካለለው አንቷን ዳባዲ የተራሮቻችንን ከፍታ ለማወቅ ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር ማንበብ ነበር። በዚህ ስሌት ራስ ዳሸን ላይ ውሃ ሰማንያ አምስት ገደማ ላይ ይፈላል፤ እዚያ ለአረንጓዴ ሻይ ማቀዝቀዝ እንኳ ብዙም አያስፈልግም። ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል ደግሞ መቶን በትንሹ ያልፋል።

ጓንግዡ ባሕር ጠገግ ናት። ወንድሜ እዚያ የቀመሰው ቺመን የመቶ ዲግሪ ነበር፤ እዚህ የቀመሰው የዘጠና ሁለት። ያውም ዘጠና ሁለት ሆኖ አይቆይም። ከማንቆርቆሪያው ወደ ብርጭቆ ስቀዳው ለካሁ፤ ሰማንያ አምስት። ጥቁር ሻይ ያንን ከበድ ያለ ነገር የሚለቀው ሲግል ነው፤ ስድስት ደቂቃ ሙሉ እየበረደ ከሚሄድ ውሃ ምን ያገኛል? ሱቁ አልሸወደውም ይሆናል። ይሆናል እንጂ ነው አላልኩም፤ ገና መፈተን ነበረበት።

ዕድል ሆኖ በዚያው ወር ድሬዳዋ ሠርግ ተጠራን። ከባሕር በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፤ በእህቴ ልጅ ስሌት ዘጠና ስድስት። ሻንጣዬ ውስጥ ከሱፉ ሥር ቴርሞሜትር፣ በሦስት ግራም በሦስት ግራም የተቋጠረ ቅጠል፣ ከነዚያ ጋር ሁለት ሃይላንድ የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ። ሚስቴ ውሃውን ስታይ “ድሬዳዋ ውሃ የለም ተብሎ ነው?” ብላለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የድሬዳዋ ውሃ ኖራ አለበት፤ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው እሱ ነው። ሻዩ ከተለወጠብኝ በሙቀቱ ይሁን በውሃው በምን አውቃለሁ?

ከሠርጉ ማግሥት፣ ዘመድ ገና ሳይነሳ፣ ማጀት ገባሁ። መስመሯ ዘጠና ስድስት ላይ ቆመች፤ እንደ ልጅ ጮኽኩ። ከአዲስ አበባ ባመጣሁት ውሃ ቺመኑን አፈላሁት። ያው ግራም፣ ያው ደቂቃ። ቀለሙ ጠለቅ አለ፤ ጣዕሙ ምላስ ላይ ቆየ። አራት ዲግሪ ብቻ ነው የጨመረው። ምላስ ባለቤቱን ለማስደሰት እንደሚዋሽ አውቃለሁ፤ የአዲስ አበባውንና የድሬዳዋውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ወንድሜን ቀሰቀስኩት። ምን እንደሆነ ሳልነግረው ሲኒውን ሰጠሁት። ዓይኑን ሳይገልጥ ፉት አለና፣ “እ! ይሄ ነው። ከየት አገኘኸው?” አለ። የሱቁን ዘር ማንዘር የተሳደበበትን ምሽት አላነሳሁበትም።

የድሬዳዋ ውሃ ያሳየኝ ሌላ ነገር ነው። ሻዩ ጠቆረ፤ ፈዘዘም። ትንሽ ሲቆይ ፊቱ ላይ ስስ ቆዳ ያዘ፤ በማንኪያ ሲነኩት እንደ ኩሬ በረዶ ይሰነጠቃል። ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነበሩ ኬሚስቶች በ1993 ይህን ቆዳ አጥንተው ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተዋል፤ ኖራው ከሻዩ ጋር በአየር ላይ የሚሠራው ነገር ነው። አሲድ ሲነካው አይፈጠርም። አክስቴ ኔቸርን አንብባ አታውቅም። ገና ቆዳውን ሳሳያት ግማሽ ሎሚ ጨመቀችበትና ሻዩ ጠራ።

አዲስ አበባ ስመለስ የእማዬ ማንቆርቆሪያ ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። ሻይ ቅጠል እሳት ላይ ማንተክተክ ኋላ ቀርነት ነው የሚሉ አሉ፤ ውሃ አፍስሶ ማቆየት እንጂ ይላሉ። እነሱ መጽሐፋቸውን የጻፉት ባሕር ዳርቻ ቁጭ ብለው ነው። እዚህ ከእሳት ያወረድከው ውሃ ወዲያው ሰማንያ አምስት ይሆናል፤ እሳት ላይ ያለው ግን እስከፈለግህ ድረስ ዘጠና ሁለት ነው። ስምንቱን ዲግሪ ማግኘት ባይቻል በጊዜ ይካካሳል። ቺመኑን እንደ እሷ አድርጌ፣ ያለ ቀረፋ፣ ሁለት ደቂቃ እሳት ላይ አቆየሁት። ድሬዳዋ የቀመስነው ባይሆንም የሥጋ ዘመዱ ነው።

የቀረው ያ የተሰደበው ሎንግጂንግ ነው። ቴርሞሜትሩን ይዤ ማጀት ስገባ እማዬ ከእጄ ወሰደችና መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። “ይሄን ይዘህ ቆመህ ውሃው ይበርዳል” አለች። የፈላውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳች። ልጅ ሆነን ሻይ ሲያቃጥለን እንደምታደርገው ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ገለበጠችው፤ ከፍ አድርጋ፣ ሳታፈስ። አንዴ ደግማ መለሰችው። ከዚያ ቅጠሉ ላይ አፈሰሰችው። ተደብቄ ለካሁት፤ ሰባ ስምንት።

ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ቅጠሉ አንድ አንድ እያለ ቆመ፤ ከዚያ ሰመጠ። ውሃው ቀለም ያለው አይመስልም። እማዬ አሸተተች፤ ፉት አለች፤ ትንሽ ዝም አለች።

“ሽንብራው መጣ” አለች።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ስኳሩን አቀብለኝ አለችኝ።